የረጠበው መጫኛ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ከሠራሁት ግማሹን የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንባቢዬ፣ እንዳይራሩልኝ እለምናለሁ።

መሬት ለአራሹ በታወጀ ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ወደ መንደራችን ስመለስ ገበሬ ማኅበሩ መሬት ሊያከፋፍል ተሰብስቦ አገኘሁት። ሜትር የለም፤ የሚለካው ጭነት በሚታሰርበት ረጅም የቆዳ መጫኛ ነው። የተማረ ሰው አያዳላም ብለው መጫኛውን ለእኔ ሰጡኝ። አመኑኝ። እኔስ ምን አደረግሁ?

ጠዋት ወደ እርሻው ስሄድ ምንጩ ዳር ተቀመጥሁና መጫኛውን ነከርሁት። ሌላውን ጫፍ የሚይዘው ሰው እንዳያውቅብኝ፣ ጫፎቹን ደረቅ ትቼ መሐሉን ብቻ ነከርሁ። የረጠበ ቆዳ ሲሳብ እንደሚረዝም የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አባቴ አላዘዘኝም። ማንም አላዘዘኝም። የነከርሁት እኔ ነኝ። የአባቴን ድርሻ በረጠበው ለካሁ፤ ወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ወደ እኛ ገባ። ፀሐይ ሲበረታ መጫኛው ደርቆ ተኮማተረ። በዚያ ባጠረው ደግሞ የጎረቤታችንን የእትዬ በላይነሽን ድርሻ ለካሁ።

እትዬ በላይነሽ በክፉው ቀን ባላቸው እህል ፍለጋ ወጥተው መንገድ ላይ የቀሩባቸው፣ ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር የተረፉ ሴት ናቸው። በዚያ ረሃብ የእኛ ጎተራ ሲጎድል “አብሽሩ፣ ያልፋል” እያሉ ያጽናኑን እሳቸው ነበሩ።

የእኛን መሬት ስለካ ድንበሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ቀረብ አሉና እጃቸውን ወደ መጫኛው ዘረጉ።

“ልጄ፣ ይሄ ነገር ረጥቧል ልበል?”

“አንቺ አድኃሪ፣ እጅሽን ሰብስቢ” አልኋቸው።

አንቱ እያልሁ ያደግሁ ልጅ፣ አንቺ አልኋቸው። ያን ጊዜ አድኃሪ የተባለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቅ ነበር። እጃቸውን ሰበሰቡ። ሊቀ መንበሩ ቆራጥ ልጅ ነህ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። እንዴት ደስ ይለኛል?

ክረምት ገባ። አባቴ ወንዝ ዳር ያለውን አረሰ፤ ባቄላው አማረ። እኔን ሊያስተምር ያሰበው በዚያ መሬት እህል ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን በጠባቧ ቁራሽ ላይ ከልጃቸው ጋር በዶማ ሲቆፍሩ ከደጃችን ይታያሉ። ክረምቱን ሙሉ እያየኋቸው ከረምሁ።

በመስከረሙ ስብሰባ ተነሣሁ። መጫኛውን አስመጣሁና በሕዝቡ ፊት ነከርሁት፤ ከደረቅ ገመድ ጎን ዘርግቼ ሲሳብ መርዘሙን አሳየሁ። የነከርሁት እኔ ነኝ አልሁ። አንዱ ከኋላ “እስቲ ተማሪ፣ ምላስህም ሲረጥብ እንዲህ ይረዝማል?” አለ፤ ሳቁብኝ። ሊቀ መንበሩ ምራቁን ተፋ። መሬቱ ከነሰብሉ ለእትዬ በላይነሽ ተመለሰ። ቤት ስንገባ አባቴ “ተማርህና ቤቴን አፈረስህ” አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ለትምህርት ደሴ ስወርድ ሳይመርቀኝ ሄድሁ። የሰው ቤት እያገለገልሁ ጨረስሁ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ከመሄዴ በፊት እትዬ በላይነሽ ደጅ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያ ቃል በአብዮቱ ስሜት አመለጠኝ አልኋቸው።

“መሬቱን መለስህ” አሉ። “ያቺን ቃልህንስ በየትኛው መጫኛ ለክተህ ትመልሳታለህ?”

አላነሡኝም። በሩን ዘጉ።

ሰላም አለህ ወይ ቢሉኝ፣ እውነቱን ከተናገርሁበት ስብሰባ ጀምሮ እንቅልፍ አገኘሁ፤ አልክድም። የአባቴ ኩርፊያም፣ የሰው ሳቅም አልቀማኝም። የሚቀሰቅሰኝ እግራቸው ሥር የዋሸሁት ነው። ቃሉ አላመለጠኝም። አስቤ፣ መርጬ ነው የተናገርሁት። እኔ የባል ሞት የጎዳትን ሴት በፍርሃት አፏን ዘጋሁ፤ ሰው ግን ቆራጥነት መሰለው።

ትምህርት ሲዘጋ አገሬ እገባለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አልሄድም፤ ይቅር የማለት ግዴታ የለባቸውም። ቢከፍቱልኝም ባይከፍቱልኝም በራቸው ላይ ቆሜ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እትዬ፣ ያን ቀን አድኃሪ ያልሁዎት እጅዎን ፈርቼ ነው።