ከግራና ወንዝ እስከ ሚላኖ ገንዳ

ከመርሳ የተነሣሁበትን ምሽት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ጸጥታው ነው። መርሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደህና ዘመን ሲሆን አመሻሽ ላይ ብርቱካን ሻጩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ዕቃ አውራጁ ሲንጫጫ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። የስልሳ አምስት ሰኔ ግን እንዲያ አልነበረም። ያለፈው ክረምት ከድቶናል፣ በልጉም ቀርቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ተቀምጧል። ከራያ የወረደ አለ፣ ከእኛው ከሀብሩ ቆላ የመጣም አለ። አይለምኑም፤ ዝም ብለው የሚያልፈውን መኪና ያያሉ።

ከምጽዋ ለስንብት መጥቼ ነበር፤ አባቴ አቶ ሙላት ከግራና ድረስ በእግራቸው ሸኝተውኝ መጥተዋል። ሁለቱም በሬዎቻችን ሞተው ስለነበር እርሻ ይጠብቀኛል የሚሉበት ምክንያት አልነበረም።

"እስቲ ደግመህ ንገረኝ፤ የምትሄደው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለዋና ውድድር ነው አባባ። የብዙ አገር ሰው ይወዳደራል።"

"ውሃ ውስጥ?"

"አዎ፣ ውሃ ውስጥ።"

መንገድ ዳር የተቀመጡትን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "አየ ጉድ! እኛ የምንጠጣው አጥተን ለልጄ የሚዋኝበት ይሰጡታል።"

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ማጣሪያውን ካለፍኩ በምጽዋ ወደብ የዋና አሠልጣኝ ሆኜ ከነመኖሪያው እንደምቀጠር ቃል ተገብቶልኝ ነበር። "እርስዎን፣ እማን፣ የሺን፣ ሁላችሁንም ወደ ምጽዋ እወስዳችኋለሁ፤ እስከ መስቀል ታገሡኝ" አልኳቸው። ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝና "እግዚአብሔር በደህና ያሻግርህ" አሉኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብፈልጋቸው ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ለይቼ ላያቸው አልቻልኩም።

አንድ የግራና ልጅ ከዋና ጋር ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም። ወንዙ ነው ያገናኘኝ። በደጉ ዘመን ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ገበያተኛውን ወዲያና ወዲህ ይለየዋል። እኛ ጎረምሶቹ ልብሳችንን ጥለን ሰው እናሻግራለን። ሰውየው ትከሻዬን ይይዛል፤ እኔ በደረቴ ተኝቼ፣ እግሬን እንደ እንቁራሪት እየወረወርኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። አንገትህ ከቀና የተሸከምከው ሰው አይደነግጥም፤ ከደነገጠ ለሁለታችሁም አለቀላችሁ። ኋላ በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ ሰሜን ወጣሁና ምጽዋ ቀረሁ፤ ወደቡ ላይ የመርከብ ገመድ አሣሪ ሆንኩ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ስዋኝ አንድ ሽማግሌ ጣልያን መካኒክ ከዳር ሆኖ "ራና! ራና!" እያለ ይጮኽብኛል። ራና በእነሱ ቋንቋ እንቁራሪት ነው። ሰደበኝ ብዬ ልደበድበው ወጣሁ። ለካ የደረት ዋናን እንዲያ ነው የሚጠሩት! ያሠለጠነኝ እሱ ነው። "አንገትህን ዝቅ አድርግ! ማንን ነው የተሸከምከው?" እያለ ይሳደባል። ጣልያንኛውንም ከነስድቡ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ውድድሩ ሚላኖ ላይ ነበር። ገንዳው ቤት ውስጥ ነው፤ ጣራ ያለው ሐይቅ በሉት። ሽታው በረኪና በረኪና ይላል። ያን ያህል ንጹሕ ውሃ በአንድ ቦታ ታጉሮ አይቼ አላውቅም። ዳር ቆሜ ሳየው የመጣልኝ ሐሳብ ዋናው አይደለም፤ ይህን ገንዳ ገልብጠው ግራና ላይ ቢያፈሱት ስንት ማሳ ያጠጣል የሚል ነበር። ቡድናችንን የሚመራው ሻምበል "ምን ታፈጣለህ፣ ልብስህን አውልቅ!" አለኝ።

የወንዶች መቶ ሜትር የደረት ዋና ገንዳውን ሄዶ መመለስ ነው። ከጎኔ የቆመው ረጅም ሀንጋሪ ሰውነቱን ሁሉ ተላጭቷል፤ ጸጉር ውሃ ይጎትታል ብለው ነው አሉ። ሽጉጡ ተተኮሰ፣ ዘለልን። ምጽዋ ላይ ጨዉ ራሱ ይሸከማችኋል፤ ይህ ውሃ ግን ያዝኩህ አይልም፣ ወደ ታች ይለቃችኋል። መጀመሪያ ላይ ስምጥ ስምጥ አለኝና ፈራሁ። ከዚያ ክንዴ ለመደ። አንገቴን ዝቅ ሳደርግ የውሃው ጩኸት ጆሮዬን ይሞላዋል፣ ቀና ስል የሰዉ ጩኸት። ከሀንጋሪው በስተቀር ማንም ብዙ አልራቀኝም።

ግድግዳው ካሰብኩት ቀድሞ መጣ። ወደቡ ውስጥ እስከ ጀልባ ድረስ ዋኝተን ጀልባዋን ነክተን ነበር የምንመለሰው፤ ጀልባ ደግሞ ትወዛወዛለች፣ በየትኛው እጅ እንደነካኻት ማንም አይጠይቅህም። እዚህ ግን ሁለት እጅ እኩል መንካት አለበት። ግራዬ ደረሰ፣ ቀኜ ዘገየ። እኔ አላወቅኩትም። ግድግዳውን ገፍቼ ዞርኩና በመልሱ ያለ የሌለ ጉልበቴን አወጣሁ። ሁለት ሰው አለፍኩ፤ መጨረሻው ላይ ሦስተኛውንም አለፍኩ መሰለኝ። ነክቼ ዘወር ስል ከፊቴ የደረሱት ጥቂት ናቸው። ሻምበሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭባል። እኔም እጄን አነሣሁ። በዚያች ቅጽበት እናቴ ምጽዋ በሚሰጠን ቤት በር ላይ ተቀምጣ ታየችኝ፣ እውነቴን ነው።

የሁሉም ስም ሰሌዳው ላይ ሲወጣ የእኔ መስመር ባዶ ሆነ። ነጭ የለበሰ ዳኛ ወደ እኔ መጣ። ሻምበሉም ወርዶ ደረሰ።

"ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?"

"ተሰርዟል ይላል።"

"ማን?"

"እኔ።"

"ለምን ሲባል?"

"መዞሪያው ላይ በአንድ እጅ ነክቷል ይላል።"

"ሁለተኛውም ነክቷል በለው!"

ነገርኩት። "ሁለተኛውማ ዘግይቶ ነክቷል" አለ ዳኛው። ያንንም ተረጎምኩ።

"ብትዘገይስ! የኢትዮጵያ እጅ ናት በለው!"

ይህን አልተረጎምኩም። ዳኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። የራሴን ስንብት ራሴ አስተርጉሜ ፎጣዬን ለብሼ ቁጭ አልኩ።

እንደዚያ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። ጣልያንኛ ስመልስለት ደስ አለው። ከየት ጠቅላይ ግዛት ነህ ሲለኝ ከወሎ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "እዚያ ረሃብ አለ ይባላል። መንግሥታችሁ ግን የለም ይላል" አለኝ። ከመነሣታችን በፊት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳንል ተነግሮናል። ግን አባቴን መንገድ ዳር ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ምን ልበል? "አለ" አልኩት። "ሰዉ መንገድ ላይ ተቀምጦ ይሞታል።"

በማግስቱ ቁርስ ላይ የሆቴሉ አስተናጋጅ ጋዜጣውን ይዞ እየሳቀ መጣ፤ ፎቶዬ ወጥቷል። ሻምበሉ አንብብልኝ አለኝ። ግማሹን ካነበብኩለት በኋላ ጋዜጣውን አጠፍኩ። የቀረውን ከፊቴ አነበበው።

"በዋናው ያዋረድከን አንሶ በአፍህ ጨመርክበት። አሥመራ ስንወርድ የሚቀበሉህ ሰዎች አሉ" አለኝ ቀስ ብሎ። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ፓስፖርቶቻችን በእሱ ቦርሳ ነበሩ። በመመለሻችን ቀን አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ ሽንት ቤት ብዬ ሄድኩ፤ በሌላ በር ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ይኸው ነው ስደቴ። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ባሕር አልተሻገርኩም፤ በአንድ በር ገብቼ በሌላው ወጣሁ።

ኩዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ ጣቢያ ለመኖሪያ ወረቀት ስሄድ ፖሊሱ የጠየቀኝን ልንገራችሁ።

"ስም?"

"ሲሳይ።"

"የቤተሰብ ስም?"

"አባቴ ሙላት ይባላሉ።"

"አባትህን አይደለም፤ የቤተሰብህን ስም ነው የምልህ።"

"ቤተሰባችን ስም የለውም። ሁላችንም የየራሳችን አለን።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ወደ ጣልያን ለምን መጣህ?"

"በደረት ዋና ልወዳደር።"

"አሸነፍክ?"

"ተሰረዝኩ።"

"ስለዚህ ከውድድሩም ተሰርዘሃል፣ ከሀገርህም ተሰርዘሃል፣ እዚህ ደግሞ ገና አልተመዘገብክም።" በራሱ ነገር በጣም ሳቀ፤ ጓደኛውን ጠርቶ ደገመለት። ወረቀት ግን ሰጠኝ። በዚያ ወረቀት እዚያው መኖር ይቻላል። ከሀገሩ ከወጣህ ግን መመለሻ አይሆንህም፤ ሌላ ሀገርም አያስገባህም።

አንድ ምግብ ቤት ድስት አጣቢ ሆንኩ። የተከራየሁት ሲኞራ ፒና ከምትባል ባልቴት ዘንድ ነው። ገና ስገባ "ገላህን በሳምንት አንዴ ትታጠባለህ፣ ውሃ እንደ ልብ አይደለም" አለችኝ። ዋናተኛ ነኝ ስላት ደንግጣ "እንግዲያው ጨርሶ ገንዳዬ ውስጥ አትግባ!" አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን እዚህ ሰው ሲበላ ብትደርሱ እንብላ የሚላችሁ የለም፤ ፓስታውን እየጠቀለለ ያያችኋል፣ እናንተም ታዩታላችሁ፣ በዚያው ያልቃል። ክረምቱ ደግሞ ኔቢያ የሚሉት ጉም አለው። የእኛ ጉም ረፋድ ላይ ከአምባው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ወር ሙሉ መስኮታችሁ ላይ ይተኛል።

በጥቅምት ይሁን በኅዳር አንድ ምሽት ሲኞራ ፒና "ና፣ ሀገርህን ያሳያሉ!" ብላ ጠራችኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ መጠለያ አየሁ። ጋቢ የለበሱ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ፣ ሬሳ የሚያነሡ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልኩ የማውቀው ፊት ፈለግሁ። ጋቢው ሁሉ የአባቴ ጋቢ ይመስላል። ሲኞራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በቅንነት፣ "እና እነዚህ እንዲህ ሆነው ሳለ አንተን ልዋኝ ብለው ላኩህ?" አለችኝ። አባቴ የጠየቁኝም ይኼንኑ ነበር። ያን ለት ሳታስብ ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ፤ አልወረደልኝም።

ደብዳቤ በየወሩ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። በዓመቱ መስከረም ላይ መንግሥት ተገለበጠ ሲባል አሁንስ ስልክ ብደውል ማንንም አልጎዳም ብዬ ወልድያ ስልክ ቤት አስደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ስትናገር ዜማዋ የእኛው ነው፤ ግራና ካሉት ቤተሰቦቼ ጋር አገናኚኝ አልኳት። "ግራና እኮ ስልክ የለም ወንድሜ። ግን በገበያ ቀን ለሚሄድ ሰው እነግርልሃለሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ደውል" አለችኝ። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

በቀጠሮው ደወልኩ። የእኅቴ የየሺ ድምፅ መጣ።

"የሺ፣ እኔ ነኝ፣ ሲሳይ።"

እየተቆጣች፦ "ማን ነህ አንተ? በሞተ ሰው ስም መቀለድ ደግ ነው?"

"የምን ሞት?"

"ወንድሜ ውድድሩ ላይ ሰጥሞ ሞቷል። ሻምበሉ ልኮ አርድቶናል። ሬሳውም አልተገኘም ተብሏል።"

ከገንዳ ውስጥ ሬሳ አልተገኘም! ሻምበሉ ከእጁ አንድ ሰው እንዳመለጠ ከሚነገርበት ሰጠመ ማለት ቀሎት ይሆናል። የእኛ ሰው ደግሞ ገንዳ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ባሕር መስሏቸዋል። ስሟን፣ ልጅነታችንን፣ ያሻገርኳትን ወንዝ ሁሉ ቆጥሬ ነገርኳት፤ ማልቀስ ጀመረች። "ደብዳቤህ መጥቶ ነበር እኮ! የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ከመሞቱ በፊት የጻፈው ነው ብለው ቄሱ ነገሩን።"

"አባባስ?"

"መርዶህ በመጣ በወሩ ዐረፉ። ወልድያ መጠለያ ነበርን። እህል ሲሰጧቸው ለሌላ ሰው ስጡልኝ ይሉ ነበር።"

"እማን ስጪኝ" አልኩ።

እናቴ ስልኩን ስትቀበል ትንፋሿ ተሰማኝ። "እማ" አልኳት። ደጋግሜ ጠራኋት።

"ድምፁ የሱ ነው" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለየሺ። ከዚያ ለእኔ፦ "ልጄ ከሆንክ ስማኝ። አንተንም አባትህንም አንድ ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ለሁለታችሁም ፍታት አስፈትቻለሁ። አሁን በዚህ ብረት ውስጥ አለሁ ብትለኝ ምኑን ልመን? በዓይኔ ልይህ። ና።"

"እማ፣ መምጣት አልችልም። የመንገድ ወረቀት የለኝም።"

"የሞተ ሰውም እንደዚሁ ነው የሚለው" አለች፤ ስልኩንም ለሰው ስትሰጥ ተሰማኝ።

ኋላ የስልክ ቤቷ ልጅ ናት የመጣችው። "ወንድሜ፣ እናትህ ወጥተዋል። እኅትህም ደግፋቸው ሄደች። ልዝጋው?"

"ጥቂት ተይው" አልኳት። "እዚያው አስቀምጪው።"

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በሩ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ የወልድያ መንገድ ይሰማል። አህያ ይነዳል፣ ሰው ይጠራራል፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል። የመኪና ረዳት "መርሳ! ውርጌሳ! ውጫሌ! ሐይቅ! ደሴ!" እያለ ይጣራል። ሞተሩ ተነሣ፤ ረዳቱ "መርሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።