የካባው ምንጭ

በደርግ ጊዜ መቱ አጠገብ ባለ የድንጋይ ካባ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከካባው የሚወርደው ጎርፍ ከበታቻችን ያለው መንደር የሚቀዳበትን ወንዝ ስለሚያደፈርስ፣ ካቦው ጭቃ የሚያስቀር ጉድጓድ አስቆፈረን። ጭቃው ሥሩ ይዘቅጣል፤ ውኃው ጠርቶ ድንጋይ በደረደርንበት አፍ በኩል ይፈሳል። ወር ሳይሞላ የመንደሩ ሴቶች ወንዙን ትተው ከዚያ አፍ መቅዳት ጀመሩ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የካባ እጣቢ ነው» አልኳቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት።

«አጥበህ ከሰጠኸን ምን ጎደለን፣ ጓድ ጭቃ!» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁብኝ።

ክረምቱ ሲበረታ ጉድጓዱ በጭቃ ሞላ። ካልተዛቀ አፉ ላይ የደረደርነው የድንጋይ ግድብ ተደርምሶ ጭቃው ሁሉ መንደሩ ላይ ይወርዳል። ካቦው «ዛሬውኑ ዛቁት» አለ። አካፋዬን ይዤ ስገባ ግን ሴትዮዋ እንስራቸውን አፉ ላይ አስቀምጠው ቆሙ።

«ምንጭ የሚያደፈርስ ሰው አይቼ አላውቅም። ገበሬ ማኅበር ነው የምከስህ!»

«ምንጭ አይደለም እትዬ፣ እኛው ነን የቆፈርነው።»

«ታዲያ የቆፈርከውን ለምን ታበላሻለህ?»

እሳቸው እውነት አላቸው፣ ካቦውም እውነት አለው፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ማንን እንደምሰማ ግራ ገባኝ። ሴቶቹ ያላቸውን ዕቃ ሁሉ እስኪሞሉ ጠብቄ አካፋዬን ጭቃው ውስጥ ሰካሁ። ውኃው ወዲያው ቀላ።

«መቼ ይጠራል?» አሉኝ ሴትዮዋ፤ ቁጣቸው በርዶ ነበር።

«በሦስት ቀን» አልኳቸው። ሦስት ይሁን ሠላሳ አላውቅም ነበር።