አንብቤ፣ በፈቃዴ

ከቢሮ የወሰዱኝ ከምሳ በፊት ነው። ሁለት ፖሊሶች መዝገብ ቤት ገብተው ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቦርሳዬን እንድይዝ ፈቀዱልኝ። በመኪና ብዙም አልሄድንም፤ ሶዶ ውስጥ የትም ሩቅ አይደለም።

የማረፊያ ቤቱ የሴቶች ክፍል ከቢሮዬ ይጠብባል። በረኪናና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ በጥፍር የተጫሩ ስሞች አሉ። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። እንባው አልመጣም። ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ጫማዬን አውልቄ በሩ ሥር አስቀመጥኩ።

የታሰርኩት በአንድ ወረቀት ነው። ዞናችን ራሱን የቻለ ክልል ይሁን የሚል አቤቱታ በየመሥሪያ ቤቱ ሲዞር አንድ የሥራ ባልደረባዬ አምጥቶልኝ እኔም አንብቤ ፈርሜ ነበር፤ እሱንም ይዘውታል።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ በማሳ ድንበር ጠብ የገቡ ትልቅ እናት ናቸው። ሌላዋ በእኔ ዕድሜ ያለች የሳልቫጅ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ከደንብ አስከባሪ ጋር ተጣልታ ነው የገባችው።

"ስንቅ ማን ያመጣልሻል?" አለችኝ ነጋዴዋ።

"ቤተሰቦቼ ሃላሌ ናቸው። ገና አልሰሙም።"

"እንግዲያው ማዕዱን አንቺ ትባርኪያለሽ።"

የክፍሉ ደንብ ነበር። ከውጭ የመጣው ምግብ ሁሉ አንድ ላይ ይቀርባል፤ ምንም ያልመጣላት ሴት ጸልያ ትባርካለች። የሰው እጅ እያየች እንዳትበላ ይመስለኛል።

እኔ ግን ሰው ፊት ድምፅ አውጥቼ ጸልዬ አላውቅም ነበር። በኅብረት ጸሎት ላይ ተራዬ ሲደርስ አጠገቤ ያለችውን በክርኔ ነካ የማደርግ ሰው ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ከመድረክ የሰማሁትን ደገምኩ።

"ጌታ ሆይ፣ ባለንበት ሁኔታ ሁሉ እናመሰግንሃለን፤ ያለን ይበቃናል፤ ደስታችን ሙሉ ነው…"

"አሜን!" አለች ነጋዴዋ በመሃል። "ዩኒቨርሲቲ፣ ቆጮው ቀዘቀዘ እኮ!" የተማርኩ መሆኔን ካወቀች ወዲህ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ።

ሦስት ቀን እንዲሁ ባረክኩ። በአራተኛው ቀን ምሳ ሲቀርብ እናቲቱ የበርበሬ ዳጣውን ክዳን እየከፈቱ አዩኝ።

"ልጄ፣ ይበቃናል ትያለሽ። በቅቶሻል?"

"አልበቃኝም።"

"ታዲያ ማንን ትሸነግያለሽ? እሱ እንደሆነ ያውቃል።"

"ምን ልበል?"

"ያለውን ነዋ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። "ጌታ ሆይ፣ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ" አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣ ቃል አጣሁ። "ለነገ አቅም የለኝም። የዛሬን ስጠን።"

"ዛሬ ገና ጸለየች!" አለች ነጋዴዋ። በላን።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠኝ። የታተመ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ሰጠሁት የተባለው ቃል ነው። መሃሉ ላይ "ሰነዱን ሳላነብ፣ የሥራ ባልደረባዬ አስገድዶኝ ፈረምኩ" ይላል።

"ይሄን እኔ አላልኩም።"

"ሌሎቹም እንዲህ ብለው ፈርመው ነው የወጡት። ፈርሚና ሂጂ። የሃላሌ መኪና ገና አልሞላም።"

"ባልደረባዬስ?"

"የእሱን ለእሱ ተዪለት።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ቤቴ። ነገር ግን በዚህ ወረቀት ከሄድኩ በኋላ ማታ ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅኩም። ከዚያ ያለፈ ነገር አላሰብኩም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። መስመሩን በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ሰረዝኩት፤ ከበላዩ "አንብቤ፣ በፈቃዴ ፈረምኩ" ብዬ ጻፍኩ። እኛ መዝገብ ቤት ስርዝ ያለበትን ወረቀት ከጎኑ ካልተፈረመበት አንቀበልም። ስለዚህ ከስርዙ ጎን አጭር ፊርማዬን አኖርኩ፤ ከታች ደግሞ ሙሉውን። ወረቀቱን ወደ እሱ አዙሬ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ሥራሽ ምንድን ነው ያልሽኝ?"

"መዝገብ ቤት።"

"ያስታውቃል" አለ። ከዚያ ተረኛዋን ፖሊስ ጠርቶ "መልሻት" አላት።

ነጋዴዋ በሩ ሥር ጠበቀችኝ። "ፈረምሽ?"

"አርሜ ፈረምኩ።"

"የጌታ ያለህ! ሰው ሊፈታ ሲል ጽሑፍ ያርማል?" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው። እናቲቱ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጣቴን ቀለም ነክቶት ስለነበር ታጠብኩ። ድፍረት አልተሰማኝም። ጸጸትም አልተሰማኝም።

ዘጠኝ ቀን ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ባልደረባዬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር፤ ምን ብሎ እንደፈረመ አልጠየቅኩትም።

በተፈታሁ ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቁኝ። መርሐ ግብር መሪው ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ ጸለይኩ፤ በሩም ተከፈተ በይ። ሕዝቡ ይጽናናል" አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ። ወጣሁ። ማይኩን ተቀበልኩ።

"ጸለይኩ፤ በሩ አልተከፈተም። ቀኑ ግን አለፈ" አልኩና ወረድኩ።

አሜን የሚባልበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ማንም እንድመሰክር አልጠየቀኝም፤ እኔም ቀለለኝ።

አሁን የምኖረው አረካ ነው። ጠዋት ስነሳ የምለምነው የአንድ ቀን ብቻ ነው። አንዳንድ ጠዋት ደስታም ኀዘንም አይሰማኝም፤ የምለምነውም አይኖረኝም። ያንኑ ለጌታ እነግረዋለሁ፤ ተነስቼም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።