በፈቃዷ ሄዳለች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም የሻርሁበትን ቀን ሳይቀር እየዘረዘርሁ ይህችን እተዋታለሁ። አሁን ግን መደበቁም ደከመኝ።

ከጎጃም ተመድቤ ነቀምቴ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሌንሴ ተማሪዬ ነበረች። የሰፈራችን ደላላ «ሕፃን ትጠብቂያለሽ፣ ማታ ማታ ትማሪያለሽ» ብሎ ዐረብ አገር ላካት። እዚያ ፓስፖርቷን ነጥቀው፣ በር ቆልፈውባት አሠሯት። አሠሪዎቿ ለዕረፍት አውሮፓ ይዘዋት ሲሄዱ አምልጣ መጠለያ ገባች። በዚያ አገር ሕግ ተታላ መወሰዷ ከተረጋገጠ የመኖሪያ ፈቃድ ታገኛለች፤ አለዚያ ትባረራለች። አባቷ ኦቦ ጉደታም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ደላላውን ከሰሱ።

ደላላው ሽማግሌ ላከ። ጎረቤት ነው፣ ጋብቻም አስተሳስሯቸዋል፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ታረቁ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በአማርኛ የሚጽፍ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ሌንሴ በዚያው ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር። «ቲቸር፣ አባዬ እንዳይፈርም ንገረው። ጠበቃዬ በማስረጃነት የያዘችው የእሱን ክስ ነው» አለችኝ። አፌን ሞልቼ እሺ አልኋት። እሺ ብዬ ጻፍሁት።

መጻፉስ ይሁን። ሽማግሌዎቹ ያሉት «ታርቀናል፣ ክሱ ይቅር» ብቻ ነበር። «ልጅቷ የሄደችው በፈቃዷ ነው» የሚለውን ማን ጨመረው? እኔ ነኝ። ደላላው ጠጋ ብሎ ሹክ ሲለኝ ጨመርሁት። የተከራየሁት የእሱን ቤት ነበር፤ በሰው አገር ከማን ጋር ልጣላ ብዬ ነው። እሱም ምክንያት ከሆነ! ኦቦ ጉደታ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ሳነብላቸው ያችን መስመር ዘለልኋት። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

የዚያ አገር ሹማምንት የክሱን ፋይል ሲያስመጡ ወረቀቱም ባሕር ተሻግሮ መዝገቧ ውስጥ ገባ። ፈቃዱን ከለከሏት። እንዳይመልሷት ፈርታ ከመጠለያው ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ባለፈው ሰኞ ኦቦ ጉደታ ትምህርት ቤት መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያ ባርሲሳ፣ አንተ መምህር፣ ልጄ የት እንዳለች የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፍልኝ። የዕርቁን ወረቀት አሳምረህ ጽፈህልኝ የለ? ገለቶሚ» አሉኝ። ያመሰግኑኛል እኮ!

አልነገርኋቸውም። ነገ ይምጡ አልኋቸው። ማክሰኞ መጡ፤ ሐሙስም መጡ።

ደላላው ሰደዳት፤ ማምለጫዋን የዘጋሁባት ግን እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሳቸውና የልጃቸው ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬም ነገ ይምጡ ብያቸዋለሁ።