የቆላው ልጅ አደራ

ከተመረቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። የተማርሁት ደን ነው። ዳንግላ ውስጥ እናቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ልጅሽ ሥራ ያዘች?» ሲላት፣ እናቴ «በቅርብ ነው» ትላለች። «በቅርብ» የሚለው ቃል እኛ ቤት እንደ ጨው ሆኖ ነበር፤ ከሁሉ ነገር ላይ እንነሰንሰዋለን። እኔ ደግሞ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ከቤት ወጥቼ መሄድ ያምረኛል፤ የምሄድበት ግን አልነበረኝም።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው ከእንጅባራ ሲመለስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቶ ነገረን። የደን ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፤ ምዝገባ በአካል፣ ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ ይዞ። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር በዚያ ሰሞን ወሬ የሚሄደው በሰው እግር ነው። ማስታወቂያው እኛ ጋ ሲደርስ ለምዝገባው የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እናቴ ያን ዕለት ከሰዓት ኮፒ አስነስታ መጣች።

በማግስቱ ጠዋት ዲግሪዬን በላስቲክ ጠቀለለች፤ ላስቲኩን ደግሞ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «መንገዱ ደስ አይልም» አለች። «ቅሪ» ግን አላለችም። «ቅሪ» ለማለት አፏን ስትከፍት አይቻታለሁ፤ መልሳ ዘጋችው። 

በደህናው ጊዜ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ዘፈን ይከፍታል፣ ተሳፋሪው ይነታረካል። ያን ቀን ዘፈንም ንትርክም የለም። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከወዲያ የሚመጣውን መኪና «እንዴት ነው?» አለው። ያኛው «እስካሁን ሰላም» ብሎ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እስካሁን» የሚለውን ቃል ደግማ ለራሷ አለችው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ስለዚያ ዛፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ መቼ ተቆርጦ ከሰል እንደሚሆን፣ ለአፈሩ ምን እንደሚሰጥ። ከኋላው ሰው ሊቆም እንደሚችል ግን አንድ ቀንም አስቤ አላውቅም ነበር። አስፋልቱ ላይ እዚህም እዚያም ወደ ዳር የተገፋ ድንጋይ አለ። ማን እንዳስቀመጠው፣ ማን እንዳነሳው የጠየቀ አልነበረም።

ቆሰበር ጉም ውስጥ ነበረች፤ እናቴ እንጅባራን አሁንም የምትጠራት በዚህ ስም ነው። ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። የከፈተውም በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚሸጠው። የመሥሪያ ቤቱ መዝጋቢ ጠና ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ከመስኮታቸው ፊት አንድ ልጅ ብቻ ቆሟል። ስስ ሸሚዝ ለብሶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል።

«ኮፒ ከሌለህ አልመዘግብህም፣ ልጄ። መመሪያ ነው። መብራት ሲመጣ አስነስተህ ና» ይሉታል።

መብራት ከሌሊት ጀምሮ ስላልነበረ ከተማው ውስጥ የሚሠራ ኮፒ ቤት የለም። እኔ ግን ኮፒዬን ይዣለሁ። ተመዘገብሁ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቶሎ ወደ ዳንግላ ልመለስ ብዬ መናኸሪያ ብሄድ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚሞላ መኪና የለም» አሉኝ። ዞር ስል ያ ልጅ ከኋላዬ ነው። እሱም መንገዱን ሊጠይቅ መጥቷል።

ከጃዊ ወዲያ ካለ የሰፈራ መንደር ነው የመጣው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተው ቆላ የሰፈሩ ናቸው። «መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው» ብሎ ሳቀ። እንጅባራ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። የተማረው እንደ እኔ ደን ነው፤ የመጣውም ለዚያችው ለአንዷ ቦታ ነው። ነጥቡን ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ ከእኔ ይበልጣል። ፈገግ አልሁለት።

«መብራት እስኪመጣ ያን ዘንገና የሚሉትን ሐይቅ ልየው» አለ። «ተራራ ላይ የተቀመጠ ውሃ አይቼ አላውቅም። አንቺ የአገሩ ሰው ነሽ፤ አሳዪኝ።»

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ባለ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደን፤ ሞተሩን ሳያጠፋ «አልጠብቃችሁም» አለና ዞረ።

ዘንገና ድሮ ሙሽራና ተማሪ የማይጠፋበት ቦታ ነበር። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መጥቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ከጥበቃው ሽማግሌ በቀር ነፍስ የሚባል አልነበረም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በትራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ስንት ናችሁ?» አሉን።

«ሁለት ነን፣ አባባ።»

«ሁለት ገባችሁ፤ ሁለት ውጡ። ድምፅ አታሰሙ።»

«ሐይቁ ድምፅ አይወድም እንዴ?» አለ የቆላው ልጅ።

«ሐይቁስ ምን ይላል፣ ልጄ። እኔ ነኝ የማልወደው።»

ቁልቁል ወረድን። ውሃው ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል። ጉሙ ስለተኛበት ማዶው አይታይም። ልጁ ብዙ ቆሞ አየው። «ይህ ሁሉ ውሃ ያለ ወንዝ ከየት መጣ?» አለ። የአገሩ ሰው ነኝና መሬት ፈንድቶ እንደሆነ አስረዳሁት፤ ሰዎች ታች የለውም እንደሚሉም ነገርሁት። ከዚያ የደን ተማሪዎች ስንገናኝ የምንጫወተውን ተጫወትን፤ አንዱ ዛፍ ይጠቁማል፣ ሌላው ስሙን ይጠራል። የደጋውን ዛፍ እንደማሸንፈው እርግጠኛ ነበርሁ። አንዱን ከጉሙ ውስጥ «ዋንዛ» አልሁ። ቀረብ ብሎ ቅጠሉን ገልብጦ አየና «ብሳና ነው» አለ። ልክ ነበር። ሳቅሁ፤ ግን ተናደድሁ። ጨዋታው እንደ ፈተና ሆነብኝ።

ያን ጊዜ ከማዶ አንድ ድምፅ መጣ፤ ከባድና የታፈነ። ወፎቹ ከደኑ ግር ብለው ተነሱ።

«ነጎድጓድ ነው» አልሁ።

«በኅዳር?» አለ።

ሁለተኛው ሲመጣ ምንም ሳንነጋገር ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ልጁ እየሮጠ አይደለም፤ ግን ትንፋሹን እሰማዋለሁ። የእኔንም ሳይሰማው አልቀረም።

ሽማግሌው «ሁለት» ብለው ቆጠሩን። ከዚያ በበትራቸው ወደ ሜዳው እየጠቆሙ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። እናቴ የምትቆጣኝ በአዊኛ ስለሆነ ገባኝ፤ ፈረሶቹ የሉም ነው ያሉት። እዚያ ሜዳ ላይ ፈረስ ሳይግጥ የዋለበትን ቀን አይቼ አላውቅም። ገበሬ ጠዋት ያወጣውን ፈረስ በቀትር ካስገባ የሰማው ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን አሉ?» አለኝ ልጁ።

«በጊዜ ግቡ ነው የሚሉት» አልሁት።

ወደ ከተማው የተመለስነው በእግራችን ነው። መብራት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ፤ ኮፒውን አስነስቶ ሲመዘገብ ቆሜ ጠበቅሁት። በዚያ መንገድ ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነው እንጂ ደግነት አልነበረም። መዝጋቢዋ «አብራችሁ ናችሁ?» አሉ። እሱ «አብረን ነን» አለ። «እንግዲያው የፈተናው ቀን እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስልክ የለም፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ» አሉን።

ዳንግላ በሰላም ገባን። ወደ ጃዊ የሚወርዱት መኪኖች የሚቆሙበት ድረስ ሸኘሁት። ከሹፌሮቹ ራስ በላይ፣ የፀሐይ መከለያው ላይ፣ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ጥቅል ተሰክቷል። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ስምና መንደር ጽፈሽ ለሹፌር ትሰጫለሽ፤ ሹፌሩ ለሻይ ቤት ይሰጣል፣ ሻይ ቤቱ ለገበያተኛ። እምቢ የሚል የለም፤ ለዚህ ብሎ የሚያስከፍልም የለም። የሞተውም የተወለደውም የሚሰማው በዚያ ነበር።

«አንቺ ቅርብ ነሽ» አለኝ። «ሲለጠፍ አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ። አደራ፣ እህቴ።»

«ምን ችግር አለው» አልሁ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ሰሌዳውን ለማየት ሦስት ጊዜ እንጅባራ ተመላለስሁ። በሦስተኛው ተለጥፎ አገኘሁት። ሰባት ስም፣ በነጥብ ቅደም ተከተል። የእኔ ሁለተኛ ነው። የእሱ ከላይ ነው። ፈተናው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። እዚያው ቆሜ ወረቀቷን ጻፍሁ፤ ስሙን፣ የመንደሩን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን።

ዳንግላ ስደርስ ወደ ጃዊ የሚወርድ አንድ አይሱዙ ጭነቱን አስሮ ጨርሷል። ሹፌሩ ወረቀቱን በእጄ አየና እጁን በመስኮት ዘረጋ።

«አምጪ» አለ።

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ከትናንት ወዲያ የወረደ መኪና አልተመለሰም። እኔ ግን እወርዳለሁ፤ ልጆች አሉኝ።»

እጁ እንደተዘረጋ ነው። «ተወው፣ ሌላ ጊዜ» አልሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ሞተሩን አስነሳ።

ወደ ቤት ስሄድ ለራሴ የነገርሁት ይህን ነው። ወረቀቷ ከደረሰችው ይነሳል፤ ከተነሳ በዚያ መንገድ ይመጣል፤ አንድ ነገር ቢሆን ደሙ በእኔ እጅ ነው። ሐሰት የለበትም። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። «ስሙ ከላይ ነው» የሚለው ሐሳብ የመጣው ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለሁ ነው። ሹፌሩን ስለ መንገዱ የጠየቅሁት ሰበብ ፍለጋ ነበር፤ እሱም ሳያውቅ ሰጠኝ።

እናቴ እሳት እያነደደች ነበር። ወረቀቷን እሳቱ ውስጥ ስከታት «የምን ወረቀት ነው?» አለች። «የማይረባ» አልኋት። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ቀን ሌላም ሌላም መኪና ወረደ። ጥሩምባቸውን ከቤት እሰማለሁ። በሰማሁ ቁጥር ሌላ ወረቀት መጻፍ እችል ነበር። እናቴ ስለ ሥራው ስትጠይቀኝ «በቅርብ ነው» እላታለሁ። ማታ ማታ እንቅልፍ አልከለከለኝም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚገርመኝ።

በፈተናው ቀን ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ፈታኙ ሽማግሌ ሰው ናቸው። መዝጋቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ ያለውን ስም ጠሩ። መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። ደጁን ከፍተው ወደ ጉሙ ወጡና እንደገና ጠሩት። ደስ አለኝ። ማንም ሳያየኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር እጆቼን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ሰው በበሩ አለፈና እሱ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ የጥበቃው ሠራተኛ ነበር።

መዝጋቢዋ ተመልሰው ለፈታኙ «የቆላ ልጅ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ያለው እሱ ነው» አሉ። «ሰምቶ ከቀረ የራሱ ጉዳይ። ሳይሰማ ከሆነ ግን ግፍ ነው። ያልሰማ ሰው ካለ ለሚመጣው ሳምንት ብናሳድረው ምን ይለናል? እነዚህም ይታገሱን።»

ፈታኙ ወደ እኛ ዞር ብለው «ትታገሳላችሁ?» አሉ። ከስድስታችን አንዱ «ይሁን፣ መንገዱ እንደምታውቁት ነው» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ መዝጋቢዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንቺ ያን ዕለት አብራችሁ ነበራችሁ» አሉ። «ሰምቷል?»

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። እሳቸው እኔን አምነው እየጠበቁ ነው። ማወቅ የፈለጉት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ የቱንም ብል ያምኑኛል።

«ሰምቷል» አልሁ።

ስሙ ላይ መስመር አሰመሩበት። የፈተናውን ወረቀት ማደል የጀመሩት በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ።