ጡንቻን በእጃችን አስይዘው ያስተማሩን መምህር ዳልኬ

በሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩት መምህር ዳልኬ ባለፈው ማክሰኞ በልብ ሕመም ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው ተማሪያቸው ነኝ፤ ዛሬ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ፤ ወደ ሙያው ያመጡኝም እሳቸው ናቸው።

ስለ ጡንቻ የምንማርበት ዕለት ከልኳንዳ ቀይ ሥጋ፣ የአንጀት ቁራጭና የበሬ ልብ ይዘው ክፍል ገቡ። አንዱ ተማሪ የጥሬ ሥጋ ማባያውን አስታውሶ «ቲቸር፣ ዳጣውስ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። «ዳጣው ከፈተና በኋላ ነው» አሉና ቀዩን ሥጋ በመርፌ እየፈለቀቁ ቀጫጭን ክሮቹን አሳዩን። «እነዚህ ክሮች በእሽግ በእሽግ የተጠቀለሉ ናቸው። ከአጥንት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ስታዟቸው ይታዘዛሉ። የአንጀት ጡንቻ ግን ሳትጠይቁት ይሠራል። የልብም እንዲሁ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ክሮቹ ቅርንጫፍ እያወጡ ስለሚያያዙ አብረው ይመታሉ።» ልቡን ተራ በተራ በእጃችን አስያዙን።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከሞተር ብስክሌት ወድቄ እግሬ ከጉልበት በታች ተሰበረ። እስከ ጭኔ የታሰረው ጄሶ ሲፈታ ጭኔ ከስቶ፣ መቆም አቅቶኝ ዲምቱ ከተማ ወላጆቼ ቤት ቀረሁ። አባቴም «በዚህ እግር ሶዶ አትመለሺም፤ ትምህርቱ ይቅር» ብሎ ቆረጠ።

መምህር ዳልኬ ይህን ሲሰሙ ቅዳሜ በሚኒባስ መጡ።

«ይህ ጡንቻ አልሞተም፤ ሥራ አጥቶ ነው የከሳው» አሉት አባቴን።

«የከሳ እግር በምን ይመለሳል፣ መምህር?»

«በሥራ። የቀጠኑት ክሮች ሲሠሩ መልሰው ይወፍራሉ።»

ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ጉልበቴን እንድዘረጋ አዘዙኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀስኩ።

«አመመሽ ወይስ ፈራሽ?»

«ፈራሁ፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ድገሚው።»

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየመጡ ጭኔን በሲባጎ ይለኩ ነበር። አንድ ቀን መኪና አጥተው በዝናብ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። የዚያን ዕለት በፊተኛው ልክ የተቋጠረው ሲባጎ ጭኔን ለመዞር አጠረ። አባቴ አላመነም፤ ተቀብሎ ራሱ ለካ። ደግሞ ለካ። ሲባጎውን መለሰላቸውና «ሰኞ ሶዶ እኔው አደርሳታለሁ» አለ።

ዘንድሮ ልባቸው ሲደክም አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «የተጎዳ የልብ ጡንቻ እንደ እግርሽ አይመለስም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ አልከፋኝም። በሽተኞችሽ እየጠበቁሽ ነው፤ ተነሺ።» ተነሥቼ ሄድኩ።

መምህሬ፣ በቀብርዎ ማግስት ሥራ ገባሁ፤ ብቀር እንደሚቆጡ አውቃለሁና። ለወራት ተኝተው የቆዩ አንዲት እናት ከአልጋቸው ወርደው፣ እጄን ለቀው ሦስት እርምጃ ተራመዱ። ወዲያው ለእርስዎ ልነግርዎ አሰብኩ። ይኸው ነገርኩዎ። በሰላም ይረፉ።