የአባቴ ግለ ሂስ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ዳሌዬም ድኗል። ንዴቴ ግን አልዳነም። “እርሺው፣ ይቅር በይ” የሚሉኝ አሉ። እስቲ እናንተ ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቀጨኔ ነው። አባቴ የታወቀ ወጌሻ ነበር፤ የወለቀበትንና የተሰበረውን ከአዲሱ ገበያ ድረስ ተሸክመው ያመጡለታል። አንድ ክረምት ከቀበሌ ሱቅ ሳሙናና ስኳር ይዤ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠኝና ከካቡ በታች ያለው ቦይ ውስጥ ወደቅኩ። ጎረቤቶች ተሸክመው አባቴ ፊት አስተኙኝ።

አባቴ ዳሌዬን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

“ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት” አለ።

“ለሰው ልጅ ሲሆን ያሻሉ፣ ለራስዎ ልጅ ሲሆን ሆስፒታል!” ብለው የሳቁበትም ነበሩ። እሱ ግድ አልሰጠውም።

ሆስፒታል ቀደው አጥንቴን በብረት አሰሩትና ሰፍተው ወደ ቤት ላኩኝ። ወር ሳይሞላው ስፌቱ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ይወርደው ጀመር። ሽታው እኔኑ ራሴን ያስጠላኝ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሙ ፋሻውን እንኳ ሳይፈታ፣ “የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?” አለኝ።

እኔ ሞኟ እውነቱን ነገርኩት። “ወጌሻ ነው።”

“በቃ! አሽቶ አበላሽቶሻል።”

“ኧረ ዶክተር፣ እጁንም አላሳረፈብኝ! ወደ እናንተ የላከኝ እሱ ነው” አልኩ። ማን ይስማኝ! ካርዴ ላይ “ወጌሻ አሽቷት የመረቀዘ” ብሎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር የሚያዩት ካርዱን እንጂ ቁስሌን አልነበረም። ኪኒን ሰጥተው ይመልሱኛል። ብረቱም ላልቶ ኖሮ ዞር ባልኩ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። ስምንት ወር እንዲህ ሆኜ ተኛሁ።

በመጨረሻ ሌላ ሆስፒታል ዳሌ የሚቀይር ሐኪም አለ ተባለ። ለመግባት ግን የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አባቴ የካርዴን ግልባጭ ይዞ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነበበና ፊቱን አጠቆረ።

“በኋላቀር ልማድ የገዛ ልጅዎን አካለ ስንኩል አደረጉ። እሑድ ስብሰባው ላይ ሕዝብ ፊት ቆመው ጥፋትዎን ይመኑ፤ ግለ ሂስ ያድርጉ። አለዚያ ደብዳቤ የለም” አለው።

እሑድ ዕለት አባቴ ቆመ። “ልጄን ያሸኋት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ሰው አልነካም” አለ። እጁ ያዳናቸው ሰዎች እዚያው ተቀምጠው አጨበጨቡ። እኔ አልጋ ላይ ስለነበርኩ ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። እሱማ ደብዳቤውን አምጥቶ ትራሴ ሥር አስቀመጠና ስለ ዝናቡ አወራኝ።

አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ ብረቱን አወጣ። ስነቃ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር።

“ከብረቱ ሥር ደም የሚጠርጉበት ጎዝ አግኝተናል። በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ውስጥሽ ረስተውት ሰፍተውሻል። የመረቀዘብሽ በሱ ነው” አለኝ።

“ካርዱ ግን ወጌሻ ነው የሚለው” አልኩት።

“ወጌሻ ሰው ሆድ ዕቃ ውስጥም ሆነ ዳሌ ውስጥ ጎዝ አይሰፋም” አለና የድሮውን ጽሑፍ ሰርዞ እውነቱን ጻፈበት። ቁስሉ እስኪደርቅ ወራት ጠብቀው ሰው ሠራሽ ዳሌ ገጠሙልኝ።

በእግሬ መሄድ እንደቻልኩ ካርዱን ይዤ ቀበሌ ገባሁ። “በስብሰባ እንዳዋረዳችሁት በስብሰባ ይነገርለት” አልኩ። ሊቀመንበሩ ካርዱን እንኳ አልተቀበለኝም።

“ያለፈ ነገር ነው፣ ጓዲት። ድነሽ የለም እንዴ? ምን ቀረሽ?”

ምን ቀረሽ! ደሜ ፈላ። ጮኼ ተናገርኩ፤ ጥበቃዎቹ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

ዓመት ቆይቶ ያው ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። እያነከስኩ ገባሁና እግሬን አባቴ ጭን ላይ ዘረጋሁ።

“አባዬ፣ እስቲ እየው” አልኩት።

እሱ ግን መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። ተነስቶ ዘጋው፣ መቀርቀሪያውን ጣለ፣ ከዚያ ተመልሶ አሸኝ። እጁ ያው የድሮው እጅ ነበር፤ በማግሥቱ ያለ ሕመም ረገጥኩ።

እስኪሞት ድረስ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነካም። ጎዙን የረሳውን ሰው ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ይረሳል። ቁስሌን ሳያይ የጻፈብኝን ሐኪምና በደብዳቤ አባቴን ያስዋሸውን ሊቀመንበር ግን ይቅር አላልኩም። አባቴ የገዛ ልጁን እግር ለመንካት በገዛ ቤቱ በር ቆልፏል። ይቅር አልልም።